ጆሮዋን ያቆመችው በቅሎ

ግራዝማች ወንድይራድ ችሎት ሲቀመጡ ከፍርዱ ይልቅ የሚወዱት መቀመጡን ነበር። አንድ ቀን አንዲት ምላሰኛ ባልቴት ጎረቤቷ ድንበሯን ገፍቶ ማሳዋን እንዳረሰባት ልትከስ ቀረበች።

ገና ሁለት ቃል ሳትናገር ግራዝማች አዛጉ። ቀጥሎ ደመናውን አዩ፤ ከዚያ ፊታቸውን ወደ ሌላ አዙረው ጥፍራቸውን ይመረምሩ ጀመር።

«የወሰኑን ድንጋይ ነቅሎ ወንዝ ጣለው» አለች ባልቴቷ።

«እሰየው፣ ደግ አደረገ» አሉ ግራዝማች።

ባልቴቷ ዞር ብላ አጥሩ ጥግ ለታሰረችው ለግራዝማች በቅሎ እጅ ነሥታ አቤቱታዋን እንደ አዲስ ጀመረች። ሰው ሲስቅ ግራዝማች ነቁ።

«አንቺ! ከበቅሎ ጋር ምን ታወሪያለሽ?»

«ጌታዬ፣ እዚህ ካለው ሁሉ ጆሮዋን አቁማ ዓይኗን ወደ እኔ ያደረገች እሷ ብቻ ናት።»

ግራዝማች ፊታቸው ቀላ። «እንግዲያው እሷው ትፍረድልሽ! አሁኑኑ ካልፈረደች ማሳሽን ለጎረቤትሽ ትለቂያለሽ።»

ባልቴቷ ሄዳ ጆሮዋን ወደ በቅሎዪቱ አፍ አስጠግታ ጥቂት አዳመጠች፤ አመስግናትም ተመለሰች።

«ምን አለችሽ?» አሉ ግራዝማች።

«‹መፍረዱንስ እፈርዳለሁ› አለች ጌታዬ። ‹ግን ሥራ ከተለዋወጥን አይቀር፣ ግራዝማች ኮርቻውን በጀርባቸው ይጫኑና ተሸክመው ቤት ያድርሱኝ።›»

ሰዉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ግራዝማች ቀጥ ብለው ተቀመጡና «በይ እኔው እሰማለሁ፤ ከመጀመሪያው ጀምሪ» አሉ።