ውሃው የቆሸሸበት እሁድ

አንዲት እናት ነበሩ። ሰባት ልጆች ወልደው ያሳደጉ፣ ዐሥራ ዘጠኝ የልጅ ልጆች ያዩ፣ በስኳር ፋብሪካ አጠገብ ባለች ትንሽ ከተማ የሚኖሩ እናት። እንደኛው ሜኖናይት፣ የሰላም ቤተ ክርስቲያን አማኝ፣ ናቸው። ሜኖናይት ስል ግን እንደ እናንተ በአባልነት መዝገብ ላይ ብቻ አይደለም። እስከ አጥንታቸው ነው።

እስከ አጥንት ማለት ምን ማለት ነው? ልንገራችሁ። በደርግ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ሲዘጋ ጸሎቱ ወደ እሳቸው ጓዳ ገባ። ባላቸው ታሰሩ። ቤት ሊፈትሽ የመጣው ካድሬ ፍራሹን ቀዶ፣ ዱቄቱን ደፍቶ ሲጨርስ፣ እኚህ ሴት ምን አሉት? «ልጄ፣ ደክሞሃል፤ ምሳ ብላ» አሉት። በላ። ሽሮው ጨው እንዳነሰው ተናግሮ ሄደ። በሳምንቱ ለሁለተኛ ፍተሻ ሲመጣ፣ ጨው ጨምረው ጠበቁት!

ልጆቻቸው በሰፈር ተደባድበው ሲመጡ «ማን መታህ?» ብለው አይጠይቁም። «መልሰህ መታኸው ወይ?» ነው ጥያቄው። «አዎ» ያለ ልጅ በዚያው እግሩ ተመልሶ ይቅርታ ይጠይቃል።

ታዲያ እኚህ ሴት፣ ስማቸው እማማ ፈለቀች ነው፣ ካድሬ ያበሉት እማማ ፈለቀች፣ ከእማማ ዓይናለም ጋር ዐሥራ አንድ ወር ሙሉ ሰላምታ አልተለዋወጡም።

እማማ ዓይናለም ማን ናቸው? አሳሪ ናቸው? ከሳሽ ናቸው? አይደሉም! ከአርባ ዓመት በላይ በአንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው የዘመሩ ጓደኛቸው ናቸው። ያጣላቸውስ ምንድን ነው? መሬት ነው? ውርስ ነው? ጸሎት ነው። አትሳቁ። ጸሎት ነው ያጣላቸው።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት፣ በእህቶች የጸሎት ፕሮግራም ላይ፣ እማማ ዓይናለም ተነሡ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ጌታ ሆይ፣ የእህታችንን የፈለቀችን ምላስ ጎብኝ» ብለው ጸለዩ። ሃያ ሦስት ሴቶችም በአንድ ድምፅ «አሜን» አሉ።

እማማ ፈለቀችን ያቆሰላቸው ጸሎቱ አልነበረም። አሜኑ ነው። ከልብ የወጣ አሜን ነበር።

እሳቸውም ዝም አላሉም። እዚያው፣ ዓይናቸውን እንደ ጨፈኑ፣ «ጌታ ሆይ፣ ሐሜቷን በጸሎት ጠቅልላ የምታቀርብልህን እህቴን ይቅር በላት። የምታደርገውን አታውቅም እንዳልልህ፣ በደንብ ታውቃለች» አሉ።

እናንተስ? ባላችሁን ፊት ለፊት መናገር ያቃታችሁን በማዕድ ጸሎት ላይ ስንት ጊዜ ነገራችሁት? እናንተ ወንዶች፣ ሽማግሌዎቹን መውቀስ ስትፈሩ «ጌታ ሆይ፣ መሪዎቻችንን አንቃልን» እያላችሁ ስንት ጊዜ በእግዚአብሔር ጀርባ ተከልላችሁ ተኮሳችሁ? ሰምቼአችኋለሁ። እሱም ሰምቷችኋል።

እንግዲህ የጌታ እራት እሁድ ደረሰ። እንደምታውቁት፣ በዚያ ቀን ጌታችን የደቀ መዛሙርቱን እግር እንዳጠበ፣ እኛም እግር እንተጣጠባለን፤ ወንዶች ለብቻ፣ ሴቶች ለብቻ። እማማ ፈለቀች ከዚህ ማዕድ ቀርተው አያውቁም። በስደቱ ዘመን ኅብስቱን በሽሮ ጣሳ ደብቀው ያቀረቡ ሴት ናቸው። እግር ሳያጥቡና ሳይታጠቡ ደግሞ ማዕዱን አይቀርቡም። እንግዲህ ምን ይሁኑ? ቢቀሩ፣ ካድሬ ያላስቀራቸውን ዓይናለም አስቀረቻቸው ማለት ነው። ቢሄዱ፣ ዓይናለም አለች።

ልጃቸው ሶስና በዚያች ቤተ ክርስቲያን ዲያቆን ናት። ሳፋውንና ፎጣውን የምታዘጋጀው እሷ ናት። ዓርብ ዕለት ጠሯት።

«ሶስና፣ እሁድ ከማን ጋር ታጣምሪኛለሽ?»

«እማዬ፣ እኔ አላጣምርም። ሁሉም አጠገቧ ካለችው ጋር ነው።»

«አጠገቤ ማን ትሆናለች?»

«አጠገብሽ የተቀመጠችው ነቻ።»

«እሷስ የት ትቀመጣለች?»

«እሷ ማን?»

«እሷ ናታ!»

ሶስና ሳቀች። «እማዬ፣ አንቺ እኮ ካድሬ አብልተሻል።»

«ካድሬው ስለ ምላሴ አልጸለየም!»

ከዚያ በኋላ ዘዴ መጣላቸው። አርፍደው ሊሄዱ ነው። ሁሉም ጥንድ ጥንድ ሆኖ ሲያልቅ፣ የተረፈችው ሶስና የእናቷን እግር ታጥባለች፤ እናትም የልጇን። ከዚያ ወደ ማዕዱ። ንጹሕ ዘዴ ነው።

ንጹሕ ካልኩ ዘንዳ፣ እግራቸውስ? ዓርብ በሙቅ ውሃ ዘፈዘፉት። ቅዳሜ ተረከዛቸውን በድንጋይ ፈገፈጉት። ቫዝሊን ቀቡት፤ ጥፍራቸውን ቆረጡ፤ አዲስ ካልሲ አጠለቁ። ለሚታጠብ እግር! ግን በእሳቸው ምን ያስቃችኋል? እኔ በዚህ አገልግሎት ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ በእግር ማጠብ ቀን የቆሸሸ እግር አይቼ አላውቅም። ሁላችሁም ታጥባችሁ ነው የምትመጡት! ታጥባችሁ ትመጣላችሁ፣ ሦስት ጠብታ ውሃ ታስነካላችሁ፣ ተቃቅፋችሁ «ተባረኪ፣ ተባረኪ» ትላላችሁ፤ ትሕትና አደረግን ብላችሁ ትሄዳላችሁ።

ለእሁድ አጥቢያ ዝናብ ሲጥል አደረ። እማማ ፈለቀች ሦስተኛው መዝሙር በድምፅ ማጉያው እስኪሰማ ከቤታቸው በር ጀርባ ቆመው ጠበቁ። ከዚያ ጃንጥላ ይዘው ወጡ። ቤተ ክርስቲያኑ በር ጋ ሲደርሱ፣ ከወዲያኛው መንገድ ሌላ ጃንጥላ መጣ። ሥሩ እማማ ዓይናለም። አዲስ ካልሲ አድርገዋል።

ተያዩ። ወዲያው ገባቸው። ለምን አይገባቸውም? ከአርባ ዓመት በላይ ጓደኛሞች ናቸው፤ ተንኮላቸውም አንድ ነው።

አሁን ነገሩ ግልጽ ነው። ቀድማ የገባችው ሶስናን ታገኛለች። አንደኛዋ ስድሳ ስምንት ዓመቷ፣ ሌላዋ ሰባ። ሕፃናትን «በቤተ ክርስቲያን ቅጥር አይሮጥም» እያሉ ሲቆጡ የኖሩት ሁለት እናቶች መሮጥ ጀመሩ!

በሩ ላይ ቦይ አለ፤ በቦዩ ላይ አንዲት ጣውላ ተጋድማለች። ሁለቱም እኩል ወጡባት።

«አሳልፊኝ!»

«አንቺ አሳልፊኝ!»

በዐሥራ አንድ ወር ውስጥ የተለዋወጡት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር። ጣውላዋ ተገለበጠች። ሁለቱም እስከ ጉልበታቸው ቦይ ውስጥ ገቡ፤ የተፈገፈገው ተረከዝ፣ ቫዝሊኑ፣ አዲሱ ካልሲ፣ ሁሉም ጭቃ።

ሶስና ጩኸት ሰምታ ወጥታ አንድ በአንድ ጎትታ አወጣቻቸው። ወደ ሴቶቹ ክፍል አስገባቻቸው። ሌሎቹ ጨርሰው ወደ አዳራሹ ተመልሰዋል። ሁለት ወንበርና አንድ ሳፋ ቀርቷል።

እማማ ፈለቀች ልጃቸውን በዓይናቸው ለመኗት። «እኔ ጠዋት ታጥቤያለሁ» አለች ሶስና፤ ፎጣውን ሰጥታ ቆመች።

እማማ ፈለቀች ተንበረከኩ። ቀድመው የተንበረከኩት ከፍቅር የተነሣ እንዳይመስላችሁ። ቀድማ የታጠበችው የውለታ ዕዳ ያለባት ስለመሰላቸው ነው።

«ውሃው በረዶ ነው» አሉ እማማ ዓይናለም።

«ሙቅ የፈለገ በጊዜ ይመጣል።»

«አንቺ በጊዜ መጥተሽ ነው?»

እማማ ፈለቀች መልስ አጡና ጭቃውን ማሸት ያዙ። እንደ ሌላው ጊዜ ሦስት ጠብታ አይበቃም፤ መታሸት አለበት። ሲያሹ በግራ እግር መዳፍ ላይ ሻካራ ነገር እጃቸውን ያዘው። የቆየ ጠባሳ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሚስማር።»

«የምን ሚስማር?»

«የባልሽ።»

«ምን?»

«ባልሽ የታሰረ ጊዜ ነዋ። አንቺ የዚህች የሶስና አራስ ነበርሽ። ስንቅ ሳመላልስለት እስር ቤቱ በር ላይ የረገጥኩት ነው። ሁለት ሳምንት አነከስኩ።»

እማማ ፈለቀች እግሩን እንደ ያዙ ቀሩ። ስንቁን ማን እንዳደረሰ ያውቃሉ፤ ሚስማሩን አያውቁም። «ይሄን ሁሉ ዘመን ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ አስወራሽኝ?»

ሶስና በዕድሜዋ እናቷ መልስ ሲያጡ በአንድ ቀን ሁለቴ ያየችው ያኔ ብቻ ነው። እማማ ፈለቀች አንገታቸውን ደፍተው፣ እንባቸው ሳፋው ውስጥ እየገባ፣ «ጌታ ሆይ፣ ምላሴን…» ማለት ሲጀምሩ፦

«አሜን!» አሉ እማማ ዓይናለም።

«አላስጨረስሽኝም እኮ!»

ሳቅ ፈነዳ። እማማ ፈለቀች ከሳቃቸው ብዛት ከተንበረከኩበት መነሣት አቃታቸው። እማማ ዓይናለም ሊያነሧቸው ሲጎትቱ አብረው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ከዚያው ሳይነሡ የሌላኛዋ እግር ታጠበ።

ሶስና ያጫወተችኝን ልንገራችሁና ላብቃ። በዲያቆንነቷ ዘመን ሁሉ ከእግር ማጠብ የተረፈውን ውሃ በሩ ላይ ያለውን ጽጌረዳ ታጠጣበት ነበር፤ ንጹሕ ነውና። ያን እሁድ ግን ሳፋውን አይታ ወደ ቦዩ ደፋችው። ጥቁር ነበር።

አያችሁ? በዚያች ቤተ ክርስቲያን ስንት ዘመን እግር ታጥቧል ተባለ፤ የታጠበው ግን ያን ቀን ነው።

እናንተ የሰላም ቤተ ክርስቲያን ነን ትላላችሁ። ጠመንጃ አንይዝም ትላላችሁ። ጠመንጃ ማን ሰጣችሁ? ያልተሰጣችሁን ባለመያዛችሁ ትኮራላችሁ፤ የተሰጣችሁ ምላስ ግን ቀን ከሌት ጥይት እንደ ጎረሰ ነው! ስለ ጠላት ፍቅር ጥናት ታቀርባላችሁ፤ ቲሸርት ታሳትማላችሁ። ሩቅ ያለ ጠላት መውደድ ምን ይከብዳል? ወንበራችሁን አይወስድባችሁም። ከእናንተ በላይ ጮኾ አይዘምርም። አስቸጋሪው አጠገባችሁ የተቀመጠው ነው፤ ሚስማሩን ስለ እናንተ የረገጠው፣ እናንተም ያላስወራችሁት።

በሚቀጥለው እሁድ የእኛ ተራ ነው። ባለፈው ዓመት ከዚህ መድረክ ላይ አይቻችኋለሁ፤ አግዳሚ እየቆጠራችሁ ቦታ ስትቀያየሩ። እኔም ከማን አጠገብ እንደምቀመጥ አውቃለሁ። እሱም ያውቃል፤ አሁን አንገቱን ደፍቷል።

ማንም እግሩን ታጥቦ እንዳይመጣ። ዘንድሮ ሳፋውን የምደፋው እኔ ነኝ። ውሃው ንጹሕ ሆኖ ካገኘሁት አልደፋውም፤ መልሼ አመጣላችኋለሁ፣ እንደገና ትጀምራላችሁ።