ውርጭ ላይ የፈላው ሞተር

ደብረ ብርሃን መናኸሪያ አካባቢ ሰዎች ተካሰው ሽማግሌ ፊት ሲቀርቡ የምትጠቀስ አንዲት አባባል አለች። ሁሉም ያውቃታል፤ ሁሉም የራሱ አስመስሎ ይናገራታል። ከየት መጣች ሲባል ግን አንዱ "የድሮ ዳኛ ያላት ናት" ይላል፤ ሌላው "ከመጽሐፍ ናት" ይላል። ፊደል ያልቆጠረች ሴት ተናገረቻት ማለት ለምን እንደሚያንቃቸው እንጃ! አባባሏ የእትዬ ደብሪቱ ናት። የወጣችውም ከጋራዥ ነው።

እትዬ ደብሪቱ አርባ ዓመት አረቄ ያወጡ ሴት ናቸው። አረቄ ማውጣት ሻይ እንደ ማፍላት የሚመስለው ሰው ካለ ይሞክረውና ይየው። እሳቱ ከበዛ ጥንስሱ ገንፍሎ እንፋሎቱ የሚያልፍበት መቃ ውስጥ ይገባል፤ ካነሰ ጠብ አይልም። አረቄው የሚንጠባጠብበት ዕቃ የተቀመጠበት ውሃ ሞቆ በጊዜ ካልተቀየረ ድካሙ ሁሉ በኖ ይቀራል። ይህን ሁሉ የሚለኩት በመዳፋቸው ነበር። በዚያ መዳፍ ልጆች አሳድገው ለበኩር ልጃቸው ለመኳንንት ሚኒባስ ገዙለት።

ሚኒባሷን የሚነዳት አራጋው ነበር። ስምንት ዓመት ከደብረ ሲና ደብረ ብርሃን ሲመላለስ ከሰው ጋር ክፉ ቃል አልተለዋወጠም። ቢሰድቡት እንኳ መሪውን ይዞ መንገዱን የሚያይ ዝምተኛ ነው።

ታዲያ በአንድ ኅዳር ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው የሞተር ምልክት ቢጫ በርታ አልጠፋ አለች። መካኒኩ ሰይፈ የምርመራ ኮምፒውተሩን ሰካና "ሞተሩ ከልክ በላይ ሞቋል ይላል" አለ። ራዲያተሩን አጠበው፤ መብራቷ በራች። የውሃውን ፓምፕ ቀየረ፤ በራች። ቴርሞስታቱን ለወጠ፤ ጭራሽ ባሰባት። በሦስተኛው ሳምንት ሰይፈ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ፈረደ። "ሞተሩ ተቃጥሏል። ያለ ውሃ ነድተውታል። ወርዶ ይፈታል።"

መኳንንት ወደ አራጋው ዞረ። "ውሃ አታይም ነበር ማለት ነው?"

"ጠዋት ጠዋት አይ ነበር" አለ አራጋው።

"ታይ ከነበረ ሞተሩን ምን በላው?"

አራጋው መሬት መሬቱን አየ። ከዚያ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ መኳንንት እጅ ላይ አስቀመጠና ወጣ። ዝም ማለቱ ጥፋቱን እንዳመነ ተቆጠረበት። በማግሥቱ መናኸሪያው ሁሉ "አራጋው ሞተር አቃጠለ" ይል ጀመር። እንዲህ ለተባለ ሾፌር ደግሞ መኪናውን የሚሰጥ የለም።

እትዬ ደብሪቱ ሲሰሙ ደማቸው ፈላ። ጌሾ ሊገዙ ከአራጋው ጎን ጋቢና ተቀምጠው ያልተመላለሱበት ወር የለም። የጣርማ በርን ዳገት ሲወጡ ስንቱ መኪና አፉን ከፍቶ እንፋሎት ሲተፋ ያቺ ሚኒባስ ትንፍሽ አላለችም።

"ውሸት ነው" አሉት ልጃቸውን። "እኔ አጠገቡ ተቀምጬ የሚፈላ ነገር አፍንጫዬ ሳያውቀው አይፈላም።"

"እማዬ፣ ኮምፒውተሩ እኮ ነው ያለው።"

"እሱስ ከማን ሰምቶ ነው ያለው?"

መኳንንት ሳቀ። "ይሄ አረቄ አይደለም፣ እማዬ።"

ያቺ ሳቅ ናት ያንገበገበቻቸው። አረቄ በገዛው ወንበር ላይ ተቀምጦ አረቄ መናቅ!

በነጋታው ማልደው ጋራዥ ገቡ። ውርጩ መሬቱን ጨው የተነሰነሰበት አስመስሎታል። ሰይፈ ሞተሩን ሊያወርድ መፍቻውን ደርድሯል። መኳንንት ጃኬቱን እስከ አገጩ ዘግቶ ቆሟል።

"ያ ወሬ ነጋሪህ ዛሬ ምን ይላል?" አሉት ሰይፈን።

"ኧረ እትዬ፣ መኪናዋ ቆማ ነው ያደረችው። ገና አልተነሣችም እኮ።"

"እኔስ ምን አልኩ? እስከ ዛሬ ዳገት ወጥታ እያለከለከች ስትመጣ ነበር የምትጠይቃት። ሮጦ የመጣ ሰው ሁሉ ትኩሳታም ይመስላል። እስቲ አሁን ጠይቃት!"

ሰይፈ ትልቅ ሰው ማስቀየም ፈርቶ ኮምፒውተሩን ሰካ። ሞተሩን ሳያስነሣ ቁልፉን ብቻ አዞረው። ቁጥሩን አየና ገመዱን ነቅሎ እንደገና ሰካው።

"አንብበው እንጂ! ፊደል የሌለኝ እኔ ነኝ፤ አንተ አለህ።"

"የሞተሩ ውሃ… መቶ ሠላሳ ስምንት ዲግሪ ይላል።"

"ውሃ ስንት ላይ ነው የሚፈላው?"

"መቶ" አለ ሰይፈ፣ ድምፁ እየወረደ።

እትዬ ደብሪቱ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አድርገው መዳፋቸውን ሞተሩ ላይ ለጠፉ። ቆየት አሉ። ከዚያ የመኳንንትን እጅ ስበው እዚያው ላይ ጫኑት።

"ተቃጠልክ?"

"ቀዝቃዛ ነው" አለ በለሆሳስ።

"ጮክ በል! ትናንት ስትስቅ ጮክ ብለህ ነበር።"

"በረዶ ነው፣ እማዬ! በረዶ ነው!"

ሰይፈ ከሞተሩ ጎን አውራ ጣት የምታክል ነገር ፈትቶ አወጣ። ሴንሰር ይሏታል፤ ሥራዋ የውሃውን ሙቀት ለኮምፒውተሩ መንገር ነው። በሌላ ሲተካት ቁጥሩ ወደ ሦስት ዲግሪ ወረደ። ሞተሩ ሞቋል የሚለውንም የቆየ ክስ ከኮምፒውተሩ ሰረዘ። ሞተሩን አስነሥተው ጣርማ በር ደርሰው ተመለሱ፤ ቢጫዋ መብራት ዳግመኛ አልታየችም።

"ሞተሩ ጤነኛ ነው" አለ ሰይፈ ራሱን እያከከ። "የዋሸችው ሴንሰሯ ናት። እንዴት አወቁ፣ እትዬ?"

"ብርድ ሲሆንም ሐሩር ሲሆንም አንድ ቃል የሚናገር ምስክር አይተህ አታውቅም? እሱ አላየም፤ አጥንቶ ነው የመጣው። ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት አይኬድም።"

መኳንንት ቁልፉን በጣቱ ላይ እያሽከረከረ አንገቱን ደፋ። "በቃ፣ ማታ አራጋው ቤት ጎራ ብዬ እሰጠዋለሁ።"

"ማታ?" አሉ እትዬ ደብሪቱ፤ ጋራዡ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ መፍቻውን አስቀምጦ ዞረ። "ስሙን ያጠፋኸው በጠራራ ፀሐይ፣ ይቅርታህ በጨለማ? ያሳደግኩህ እንዲህ አይደለም! አሁኑኑ መናኸሪያ ትሄዳለህ፤ ሾፌሩም ረዳቱም ተራ አስከባሪውም እየሰማ ቁልፉን በሁለት እጅህ ታስረክበዋለህ፤ ከዚያም በኔ ስም፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብለህ እንዲህ ትላለህ፦ ጯሂውን ሳትመረምር፣ ዝምተኛውን አትጠርጥር!"