ተራውን ያልለቀቀው ኤሊ

ጠጋ ጠጋ በሉና ጆሮ ስጡኝ። እንደሰማሁት ነው የምነግራችሁ፤ ከራሴ አልጨምርም፣ ከሰማሁትም አልቀንስም።

እንስሳት ሁሉ ፊደል በቆጠሩበት፣ ስልክም አፍ አውጥቶ በሚናገርበት በዚያ በድሮ ዘመን አንዲት ምንጭ ነበረች። ከምንጯ በላይ ደግሞ የእንስሳት ሁሉ የሆነ ቤተ መጻሕፍት ነበረ። የመጻሕፍቱ ጠባቂ ቀበሮ ነበር።

አንድ በጋ ቀበሮ ምንጯን በእሾህ አጠራት። "ከአባቴ የወረስኳት ናት" አለ። እንስሳቱ ጉሮሯቸው ደርቆ ወደ ዳኛው አንበሳ ሄዱ። ሽማግሌው ኤሊ ቀረበና፣ "ጌታዬ፣ ምንጯ የሁላችን መሆኗ በውሃ ደንብ መጽሐፍ ተጽፏል። በልጅነቴ በዓይኔ አንብቤዋለሁ" አለ።

አንበሳም፣ "በቃል አልፈርድም። እስከ ቅዳሜ መጽሐፉን አምጡ። ካላመጣችሁ ምንጯ የቀበሮ ናት" አለ።

ሰኞ ኤሊ ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ እያለ ወጣና የቤተ መጻሕፍቱን በር አንኳኳ።

"አቶ ቀበሮ፣ እንደምን አደሩ? የውሃ ደንብን መጽሐፍ ያውሱኝ።"

"በር ላይ መጽሐፍ መስጠት ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል። አሁን በስልክ መተግበሪያ ነው። ስልክ አለህ?"

"የለኝም።"

"እንግዲያው መጽሐፍም የለህም" አለና በሩን ዘጋበት።

ማክሰኞ ጎረቤቱ ዥግራ ስልኳን ይዛለት መጣች። "አባ ኤሊ፣ ይኸው። ፊቱ ተሰነጣጥቋል እንጂ ይሠራል።"

ስልኩ ተቆጣ። "የአንቺ ፊትስ ቢሆን መች ላባ አለው?" አላት። ከዚያ ወደ ኤሊ ዞረ።

"ስም?"

"ኤሊ።"

"የአባት ስም?"

"ኤሊ።"

"የአያት ስም?"

"ኤሊ።"

"ይቀልዱብኛል?"

"ኧረ በፍጹም! እኛ ቤት ሌላ ስም የለም።"

"ይሁን፣ ተመዝግበዋል። የፈለጉት መጽሐፍ ግን ወጥቷል። የወሰደውም እየደጋገመ ጊዜውን ያራዝማል።"

"ማን ነው እሱ?"

"ስሙን መናገር አልተፈቀደልኝም። ዳኛ ከጠየቀኝ ግን አልዋሽም።"

ኤሊ አሰበ፣ አሰበና ያገሩን ልማድ አደረገ። በምንጯ ዳር ተራ የሚያዘው ድንጋይ በማኖር ነበር፤ ድንጋይህ ካለ ተራህ አለ። ስለዚህ ረቡዕ አንድ ድብልብል ድንጋይ እየገፋ ወጣና በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ አኖረ። ቀበሮ አይቶ ዓይኑ እስኪያነባ ሳቀ።

"አንተ ደንቆሮ! የመጽሐፍ ተራ በድንጋይ ይያዛል?" ብሎ ድንጋዩን በእርግጫ ቁልቁል ለቀቀው።

ከዥግራ ጋር አብሮት የወጣው ስልክ አዘነ። "አባ ኤሊ፣ ተራ እኮ እኔም ውስጥ አለ። 'ተራ ያዝ' የሚለውን ይጫኑ። ሌላ ተራ የያዘ ካለ፣ የወሰደው ማራዘም አይችልም፤ መመለስ ግዴታው ነው።"

ኤሊ ጥፍሩን አነሳ። አንድ ጊዜ ተጫነ፤ ስልኩ ድርግም አለ። ሁለተኛ ተጫነ፤ ስልኩ፣ "የዶሮ እርባታ መጽሐፍ ተይዞልዎታል" አለ።

ዥግራ ክንፏን ዘረጋች። "አባ ኤሊ! ሊያረቡኝ ነው እንዴ?"

"ይቅር በይኝ ልጄ፣ ጥፍሬ ወፍራም ነው።"

ሦስተኛ ተጫነ። "የውሃ ደንብ፤ ተራ ተይዟል። ከእርስዎ በፊት ማንም የለም" አለ ስልኩ።

ለካስ መጽሐፉን የወሰደው ቀበሮ ራሱ ነበር። ሳይመዘገብ መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍቱ አይወጣምና፣ በስሙ አስመዝግቦ ጉድጓዱ ውስጥ ቀብሮታል። ሐሙስ የራሱን ስልክ አወጣ።

"አራዝም" አለው።

"እምቢ።"

"አራዝም እልሃለሁ! የኔ ስልክ አይደለህም?"

"ስልኩ ያንተ ነው፤ ተራው የኤሊ ነው። ነገ መጽሐፉን መልስ።"

ቀበሮ በንዴት ሮጦ ኤሊን መንገድ ላይ አገኘው።

"ተራህን ሰርዝ!"

"አልሰርዝም።"

"ሰርዝ፣ ያለዚያ እገለብጥሃለሁ!"

"አልሰርዝም።"

ገለበጠው። ኤሊ በጀርባው ተጋደመ፣ እግሮቹ ወደ ሰማይ ተንጠለጠሉ፣ ፀሐይም ሆዱን ትጠብሰው ጀመር። ቀበሮ ጎንበስ ብሎ፣ "አሁንስ?" አለው።

እስከዚያ ቀን ኤሊ ቀበሮን አንቱ ይለው ነበር። አሁን ግን፣ "ስማ፣ አንተ ቀበሮ! እኔን ገልብጠኸኛል፤ ተራዬን ግን አትገለብጣትም። እዚሁ ደርቄ ብቀር እንኳ አልሰርዝም!" አለው።

ቀበሮ ትቶት ሄደ። ዥግራ ጎረቤቶቹን ሁሉ ጠርታ፣ እየገፉ እየገፉ አቀኑት።

ቅዳሜ ሸንጎው ተሰበሰበ። "መጽሐፉስ?" አለ አንበሳ።

ቀበሮ ቀደመ። "ጌታዬ፣ ጠፍቷል። ምስጥ ሳይበላው አልቀረም።"

"የዥግራ ስልክ ይጠየቅልኝ" አለ ኤሊ።

አንበሳም ስልኩን፣ "ተናገር" አለው።

"መጽሐፉ በቀበሮ እጅ ነው። መመለሻው ትናንት ነበር። ተረኛው ኤሊ ነው።"

ከርከሮ ተልኮ የቀበሮን ጉድጓድ ቢቆፍር፣ መጽሐፉ አፈር ለብሶ ወጣ። "እህ! እህ!" ብሎ ሳለና፣ "ታፍኜ ልሞት ነበር! ገጽ አርባ ሁለትን ግለጡ" አለ። ኤሊ ገልጦ፣ ሁሉ እየሰማ አነበበ፦ "ምንጭ ለጠማው ሁሉ ነው፤ አጥር አይታጠርበትም።"

አንበሳ አጥሩን አስነሳ፤ ከቀበሮም የቤተ መጻሕፍቱን ቁልፍ ተቀበለው። ቀበሮ በኤሊ በኩል ሲያልፍ፣ "ይህን ያህል ከምታዋርደኝ፣ ዝቅ ብለህ ብትለምነኝ ምን ነበረበት?" አለው።

"የራሴን መጽሐፍ ለምን እለምናለሁ?" አለ ኤሊ። ውሃውን ሊጠጣም ወረደ።

የሰማሁት ይኸው ነው፤ የዘለልኩት ካለ አርሙኝ። እናንተም የሁሉ የሆነውን ነገር በር ቢዘጉባችሁ በስልክ፣ በስልክ ቢደብቁባችሁ በዳኛ ፊት ጠይቁ። ተራችሁን ግን ለማንም አትልቀቁ።