ሽመላውና ደረቁ ግራር

አንድ ጊዜ ከገደሉ ማዶ በሚኖሩ እንስሳት ላይ የሳል በሽታ ገባ። ገደሉ ጥልቅ ነው። ታች ያለው ወንዝ ከላይ ሲያዩት ክር ያህላል። በእግሩ የሚሻገረው የለም። ለሳሉ የሚበጀው ዳማከሴ ደግሞ የሚበቅለው በወዲህኛው በኩል ብቻ ነበር። ቅጠሉን ለሕሙማኑ የሚያሻግሩት ሁለት ወፎች ነበሩ፤ ሽመላና ዝይ።

አበራረራቸው እንዲህ ነው። ግራና ቀኝ እጀታ ያለው ትልቅ ቅርጫት አላቸው። ሽመላ አንዱን እጀታ በምንቃሩ ይነክሳል፣ ዝይ ሌላውን ይነክሳል፣ ከዚያ እኩል ይነሳሉ። አፉን የከፈተ ቅርጫቱን ይጥላል። ስለዚህ ፊት ለፊት እየተያዩ፣ አንዱ የሌላውን ትንፋሽ እየተነፈሰ፣ አንዲት ቃል ሳይነጋገሩ ገደሉን ያቋርጣሉ።

ሳሉ የሚተላለፈውም በትንፋሽ ነበር።

ንጉሡ አንበሳ ትእዛዝ አወጣ። ከማዶ የተመለሰ ሁሉ በገደሉ አፋፍ ባለው ደረቅ ግራር ላይ ለአንድ ሳምንት ከሌሎች እንስሳት ተለይቶ እንዲቀመጥ አዘዘ። መሐል ላይ እንደገና ከበረረ ሳምንቱ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ትእዛዙ ተገቢ ነበር፤ ሽመላም አልተቃወመም። ግን ከሜዳው ወዲያ፣ ረጅሙ ዋርካ ላይ፣ ጎጆ ነበረው። ሚስቱ እዚያ አንድ እንቁላል ታቅፋለች። እንቁላሉ ሊፈለፈል ተቃርቧል። ሽመላ ከግራሩ ላይ ወርዶ ጫጩቱ ሲወጣ ማየት ይፈልግ ነበር። ሌላ ምንም አልፈለገም።

ሽመላ ሩቅ የሚሰማ ጉሮሮ የለውም። ወደ ቤቱ ሲገባ ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ ምንቃሩን ቋ ቋ ቋ ያደርጋል። ሚስቱም ቋ ቋ ቋ ብላ ትመልሳለች። «መጣሁ» እና «እንኳን መጣህ» መባባላቸው ነው። ግራሩ ላይ ሆኖም ነፋስ በሌለበት ምሽት ያንቋቋል። ከሩቅ ስትመልስለት አንገቱን ክንፉ ውስጥ ቀብሮ ይተኛል። ነፋስ ሲኖር ግን ምንም አይሰማም። ያን ጊዜ ሌሊቱ ይረዝማል።

የበረራው አለቃ ቀበሮ ነበር። ክንፍ የለውም፤ ማን እንደሚበር የሚወስነው ግን እሱ ነው። ለሚበሩት ወፎች ቤተሰብ ከኩሬው ዓሣ ይሰጣል። የሳለ ወፍ ቦታው ወዲያው ለሌላ ይሰጥበታል፤ ዓሣውም ይቀርበታል። ቁራ ይህን ስለሚያውቅ፣ ቦታው እንዲደርሰው በየማለዳው በአፋፉ አጥር ላይ ተቀምጦ የወፎቹን ጉሮሮ ያዳምጥ ነበር።

አንድ ማለዳ እመት አህያ ዳማከሴውን አምጥታ ቅርጫቱን ሞላችና ውሃ ልትጠጣ ዞር አለች። ጅብ ይህን ሲጠብቅ ነበር። ማዶ ብዙ እንስሳ ሞተ ሲባል ሰምቶ ምራቁን ሲውጥ ሰንብቷል። ከቁጥቋጦው ወጥቶ ቅርጫቱ ውስጥ ተጠቀለለና ቅጠሉን በላዩ ላይ ሳበ። በምን እንደሚመለስ ግን አላሰበበትም። አህያ ተመልሳ ቅርጫቱን ገፋ ስታደርገው ከበዳት።

«ጤዛ ይዞ ነው» አለች ለራሷ፤ ከዚያ በላይ አልመረመረችም።

በዚህ መሐል ዝይ ጉሮሮውን ጠራረገ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ጠራረገ።

«ጋሼ፣ ሳል ነው እንዴ?» አለ ሽመላ ቀስ ብሎ።

«አቧራ ነው። አንተ ረዥም፣ ሰሞኑን ሐኪም ሆነሃል መሰለኝ።»

«እውነቱን ንገረኝ እንጂ።»

«እውነቱማ ቤት ሙሉ ልጆች አሉኝ» አለ ዝይ። «ቁራው ደግሞ ያው አጥሩ ላይ ሆኖ እያየኝ ነው።»

ሽመላ ቁራውን አየ፣ ከዚያ ዝይን አየ። ለቀበሮ ቢናገር የዝይ ልጆች ጾማቸውን ሊያድሩ ነው። ባይናገር የዝይን ትንፋሽ እስከ ማዶ ድረስ ሊተነፍስ ነው። እምቢ ብሎ ቢቀር ደግሞ ሕሙማኑ ሲጠብቁ ሊውሉ ነው። አንዱን ከሌላው ሲያመዛዝን ቀበሮ «ምን ትጠብቃላችሁ? ፀሐይዋ ወጣች እኮ» አለ። ሽመላ ምንም ሳይናገር እጀታውን ነከሰ።

ቅርጫቱ እንደዚያ ቀን ከብዶ አያውቅም። ሽመላ በዓይኑ «ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ዝይ በዓይኑ «እኔ እንጃ» አለው። ገደሉ መሐል ሲደርሱ የዝይ ደረት ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሳሉን ዋጠው። እንደገና ዋጠው። ዓይኖቹ እንባ ሞሉ። በመጨረሻ አፉ ሳይወድ ተከፈተና እጀታው አመለጠው።

ቅርጫቱ በአንድ ጎኑ ተንጠለጠለ። ግማሹ ቅጠል እየተበተነ ወደ ወንዙ ወረደ። ከቀረው ቅጠል ውስጥ የጅብ ራስ ብቅ አለ።

«ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ እንጂ» አለ ጅብ ተቆጥቶ። «መንገደኛ አለ እኮ።»

ሽመላ ሸክሙን ሁሉ ብቻውን ይዞ አንገቱ ሊበጠስ ደርሷል። ዝይ ቁልቁል ተወርውሮ እጀታውን እንደ ምንም ያዘውና እየተንገዳገዱ ማዶ አፋፍ ላይ ወደቁ። ጅብ ዘሎ ወርዶ ሬሳ ፍለጋ ሮጠ። የማዶ እንስሳት ግን ሙታናቸውን ሁሉ ቀብረው ነበር። ጅብ ሳል እንጂ ሥጋ አላገኘም። ከዚያም ከድንጋይ ሥር ተቀምጦ፣ የሚመልሰኝ ማነው እያለ ያለፈ ያገደመውን ሁሉ ይጠይቅ ጀመር። አያ ጅቦን በጀርባው የሚያዝል ግን አልተገኘም።

ዝይም መነሳት አቃተው። ሳሉ ከጀመረው መሰንበቱን ያን ጊዜ ለሽመላ ተናገረ። የማዶ ጦጣዎች ከተረፈው ዳማከሴ ጨምቀው አጠጡትና ከሕሙማኑ ጎን አስተኙት። ሽመላ ሊሄድ ሲል ዝይ ዓይኑን ገለጥ አደረገ።

«ለቀበሮ አቧራ ነው በለው» አለ።

ሊያስቀው ብሎ ነበር። ሽመላ ግን መሳቅ አልሆነለትም። ባዶውን ቅርጫት ነክሶ ብቻውን ተመለሰ። ዝይ ይይዘው የነበረው እጀታ መንገዱን ሙሉ በነፋሱ ይወዛወዝ ነበር።

ደረቁ ግራር ላይ እንደተቀመጠ ቀበሮ መጣ። ሩቅ ካለ ድንጋይ ኋላ ቆመና አፍንጫውን በጅራቱ ሸፈነ።

«ነገ ከቁራ ጋር ትበራለህ» አለ።

ሽመላ ወደ ዋርካው አየ። ዛሬ እምቢ ቢል ሳምንቱን ቆጥሮ ወደ ዋርካው ይገባል፤ ምናልባት ለጫጩቱ ይደርሳል። ነገ ከበረረ ቆጠራው እንደገና ይጀምራል። ጭራሽም ሳሉ ሊይዘው ይችላል፤ አሁንም ይዞት እንደሆነ አያውቅም። ግን ማዶ የቀረው ቅጠል ለሕሙማኑ አይበቃም። ከሕሙማኑ አንዱ ደግሞ ዝይ ነው።

«እበራለሁ» አለ በመጨረሻ። «አንድ ነገር ግን እጠይቃለሁ። ሳል የያዘው ወፍ ሲናገር ቦታው ይጠብቀው፤ ለቤቱም ዓሣው አይቋረጥ። ከጋሼ ዝይ ይጀመር።»

ቀበሮ ሳቀ። «እንዲህ ከተባለማ ሁሉም ሊስል ነው።»

«ጋሼ ዝይ ፈርቶ ስላልተናገረ ግማሹ መድኃኒት ገደል ገባ። እኔም እያወቅሁ ዝም አልኩ። ንጉሡ ቅጠሉ የት ደረሰ ብሎ ሲጠይቅህ ምን ትለዋለህ?»

ቀበሮ ጅራቱን ከአፍንጫው ላይ አነሳ፣ አሰበ፣ መልሶ ሸፈነ።

«እንግዲያው ሐሳቡ የእኔ ነው ብዬ ነው የምነግረው» አለ።

«በለው» አለ ሽመላ።

ቀበሮ ሄደ። ከዚያ በኋላ በግራሩ ሥር ያለፈ አልነበረም። ሚዳቋዎቹ ሩቅ ዞረው ሄዱ። እናቷ ማዶ ታማ በሽመላ ቅጠል የዳነችላት ጥንቸል እንኳ ቀና ብላ አየችውና በሌላ መንገድ ታጠፈች። አልፈረደባትም። ፀሐይ እያዘቀዘቀች ሄደች። ሽመላ ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ ቋ ቋ ቋ አደረገ።

መልስ የለም። ነፋሱ ከገደሉ በኩል ተነስቶ ጆሮው ላይ ያፏጫል። ደግሞ አንቋቋ። ዋርካው ከሩቅ ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ ዝም ብሏል። ሚስቱ ታማ ይሆን? እንቁላሉ በርዶ ይሆን? ወይስ ቤቱ ያለ እሱ መኖርን ለመደ? ደረቁ ቅርንጫፍ ላይ አንዴ በአንድ እግሩ፣ አንዴ በሌላው እየቆመ ጠበቀ።

ያን ጊዜ እመት አህያን ሜዳው መሐል ቆማ አያት። የጅብን ነገር ከሰማች ጀምሮ «ጤዛ ነው ያልኩት እኔ ነኝ» ስትል ውላለች። ወደ ግራሩ መቅረብ ክልክል ስለሆነ አልቀረበችም። አንገቷን ዘርግታ አናፋች።

ሽመላ አልገባውም። አህያ ጆሮዎቿን ወደ ዋርካው አዞረች፣ አዳመጠች፣ ከዚያ ወደ እሱ ዞራ እንደገና አናፋች። ማናፋቷ ግን እንደ ሌላ ጊዜው አልነበረም። አጭር አጭር ነበር፣ ተቆራርጦ፣ ቋ ቋ ቋ እንደሚባለው። የሚስቱን ሰላምታ እየተቀበለች ማድረሷ ነበር።

ሽመላ ቶሎ ብሎ መለሰ። አህያ ድምፁን ሰምታ ወደ ዋርካው ዞረችና አናፋችለት። ሁሌ «ኧረ ይቺን አህያ ዝም አሰኟት» የሚሉት እንስሳት ያን ምሽት አንዳቸውም አልተናገሩም።

ጨለማው ሊወርድ ሲል አህያ እንደገና ወደ ግራሩ ዞረች። አጭር አጭር አድርጋ አናፋች፤ የሚስቱ ነው። ከዚያ ቆም ብላ ጉሮሮዋን አጠበበች፣ ዓይኖቿን ጨፈነች፣ ቀጭን፣ ትንሽዬ ድምፅ አወጣች። እንዲህ ያለ ድምፅ ከአህያ ወጥቶ አያውቅም። የጫጩት ድምፅ ለማስመሰል የምትችለውን ሁሉ አደረገች።

ሽመላ በሁለት እግሩ ቆመ። ነፋሱ ያፏጫል፣ ገደሉ ከኋላው ጨልሟል፣ ነገም በረራ አለ። ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ ምንቃሩ እስኪደክመው አንቋቋ። አህያም አንዱን ሳታስቀር ወደ ጎጆው አደረሰችለት።

ከዚህ የምንማረው ለሌሎች ሲል ብቻውን የሚቀመጠውን ጠጋ ልንለው ባንችል እንኳ፣ ብቻውን እንዳልሆነ ከሩቅ ድምፃችንን ልናሰማው እንደምንችል ነው።