የቅቤ ነጋዴው ግጥም

አንድ ሰው ነበረ። ጠጅ ቤት ነበረው፤ በጠጅ ቤቱም አንድ መላጣ አዝማሪ ማሲንቆ ይመታለት ነበር።

ትርሲት፣ አንቺ የቲያትር ቤት ኃላፊ ነሽ። «ደላሎቹ በቲያትራችን ተሰደብን ብለው በር ላይ ቆመዋል፤ ቲያትሩን ላውርድ ወይስ ድርቅ ልበል?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። ጥያቄሽ ግማሽ ነው። ሳታቋርጪኝ ስሚ።

አዝማሪው አንድ ቀን እንዲህ አለ፦

ቅቤ ነው እያሉ በድንች ቢለውሱኝ፣
ወጥ መስያቸው ኖሮ በጉርሻ ጨረሱኝ።

ነጋዴዎቹ ቅቤው ላይ ድንች ይቀላቅላሉ ማለቱ ነበርና ሰው ሳቀ። በማግስቱ የቅቤ ነጋዴዎች አለቃ መጣ። «አዝማሪውን አባርር፤ አለዚያ ከኛ ወገን በርህን የሚረግጥ የለም» አለ። ጠጁን የሚጠጡለት እነሱ ናቸውና ባለቤቱ ፈራ። አዝማሪውን «ዝም በል» አለው።

ዝምታው ግን ነገሩን አባሰው። ግጥሙን ያልሰማ ሁሉ የራሱን ፈጥሮ ያወራ ጀመር፤ «ቅቤው ውስጥ ሳሙናም አለበት» ተባለ። አለቃው ይብሱን ተናዶ፣ ነጋዴዎቹን አስከትሎ ተመለሰ።

«ለመሆኑ ግጥሙን ሰምተኸዋል?» አለው ባለቤቱ።

«ሲሉ ሰማሁ።»

«እንግዲያው ተቀመጥ።»

ከማሲንቆው አጠገብ አስቀመጠው። አዝማሪውም ግጥሙን ፊት ለፊቱ ደገመው። አለቃው ፊቱ ጠቆረ። ሊነሳ ሲል ባለቤቱ «ቆይ ጌታዬ፣ ተራው ያንተ ነው፤ በል ስጠው» አለ። በጠጅ ቤት ደንብ እንግዳ ግጥም ከሰጠ አዝማሪ ይቀበላል፤ የራሱ ስድብ ቢሆንም ያዜማል። አለቃው አሰበ፣ አላበው። ኋላ «ተቀበል» አለ፦

ቅቤው ምን በደለ፣ ቅቤው ምን አጠፋ፣
ፀጉር የሌለው ራስ ተቀብቶ ሲለፋ።

አዝማሪው መላጣውን ዳሰሰና አንድ ቃል ሳያጎድል አዜመው። ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ አለቃውም ብርሌውን አነሳ። ከነጋዴዎቹ ጥቂቶቹ አኩርፈው ወጡ፣ ዳግመኛም አልመጡ። ይሁን፤ ሁሉንማ ማን ያስደስታል። ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት ሁለቱም ግጥም ይዘፈን ነበር።

እንግዲህ ልጄ፣ ባለጠጅ ቤቱ አንቺ ነሽ፤ አዝማሪው ቲያትርሽ ነው። አታውርጂ፣ ድርቅም አትበዪ። ደላሎቹን አስገብተሽ ፊት ወንበር ላይ አስቀምጫቸው፤ መጀመሪያ ይዩት። ሲያልቅ መድረኩን ስጫቸው፤ ተዋናዮችሽም የሚያማቸው ቢሆን እንኳ ቆመው ይስሙ። ደላሎቹ የሚናገሩትን ግን አስቀድመሽ እንዳታርሚ፤ እሱ መቀበል አይባልም። ሰድቦ መጋረጃ መዝጋትማ ማንም ይችላል።