ወይዘሮ ትርንጎና ሦስቱ ፕሪንተሮች

ተረት አለኝ፤ ጆሮ ያለው ቀረብ ይበል።

ድሮ፣ ዕቃም እንስሳም እንደ ሰው ያወራ በነበረ ጊዜ፣ ወይዘሮ ትርንጎ የሚባሉ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ነበሩ። የሰፈሩን ልጆች ቤታቸው ሰብስበው ለፈተና ያዘጋጃሉ። ፈተናው ሲቃረብ አሮጌው ፕሪንተራቸው፣ «ክረምቱን ሙሉ ሳይነኩኝ ከረሙ፤ ቀለሜ ደረቀ» ብሎ ዝም አለ።

«ልጆቼ በምን ሊለማመዱ ነው?» ብለው ተጨነቁ።

ድመታቸው ዳሚት፣ «እትዬ፣ በዱቄት የሚያትም ሌዘር ይግዙ። ዱቄት አይደርቅም» አለች። ተያይዘው ሄዱ።

ሱቅ ሲገቡ ግዙፉ ፕሪንተር ጮኸ። «እኔን ይውሰዱኝ! ቀይ አትማለሁ፣ ሰማያዊ አትማለሁ፣ ቢጫ አትማለሁ!»

«ቀለብህስ?» አለች ዳሚት።

«አራት ዓይነት ዱቄት ነዋ! አንዱ ከጎደለ ሥራ የለም።»

«አንተስ የባለጠጋ ቤት ነው የሚያዋጣህ» ብለው አለፉት።

ትንሹ ፕሪንተር ተሽኮረመመ። «እማማ፣ ከሁሉም እኔ ርካሽ ነኝ።»

«ቀለብህስ?»

«ቀላል ነኝ፣ ጥግ ይበቃኛል።»

«ቀለብህስ?»

«እንዴት የምታምር ድመት አለችዎት!»

ዳሚት ዘላ ሆዱን ከፈተችው። የዱቄት ቋቱ እፍኝ እንኳ አልያዘም።

«ሲያልቅ ይሞላል?» ብለው ባለሱቁን ጠየቁት።

«አይሞላም፣ እትዬ። አዲስ ይገዛለታል። አዲሱ ደግሞ የፕሪንተሩን ያህል ያወጣል።»

«ተመስገን፣ ተረፍኩ!» አሉ ወይዘሮ ትርንጎ።

ሦስተኛው አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። አልጠራቸውም።

«የአንተስ ቀለብ ምንድን ነው?»

«ጥቁር ዱቄት ብቻ። ሲያልቅ የሚሞላ ሰው ሰፈራችሁ አይጠፋም። ግን አልዋሽዎትም፣ ባለቀለም ሥዕል አልችልም።»

«ለፈተና ወረቀት ጥቁር ይበቃል» ብለው ገዙት።

ቤት ገብተው ሰኩት። ልጆቹ ከበቡት። ቁልፉን ቢጫኑት ዝም! ወይዘሮ ትርንጎ ክው አሉ።

«ወይኔ! ይሄም ጉድ ሠራኝ?»

«ይታገሱኝ እንጂ፤ እየሞቅኩ ነው» አለ ፕሪንተሩ።

ከዚያማ ወረቀቱን ያወጣው ጀመር። ልጆቹ ትኩሱን ወረቀት ጉንጫቸው ላይ እየለጠፉ ሳቁ። ዳሚት ሙቀቱ ተስማምቷት ፕሪንተሩ ላይ ተጋደመች። ወይዘሮ ትርንጎም ወንበራቸው ላይ ዘፍ ብለው፣ «እፎይ!» አሉ።

እኔ የሰማሁትን አወራሁ፤ እናንተም ይህችን ያዙ፦ ዕቃ ስትገዙ ዋጋውን ጠይቁ፤ ከዋጋው አስቀድሞ ቀለቡን እወቁ።