ቀድሞ የተባለ ይቅርታ

አንዲት መምህርት ነበረች። ደሴ ላይ፣ ጠዋት ጠዋት ብርዱ አጥንት በሚሰረስርበት ሰፈር፣ የአራትና የአምስት ዓመት ሕፃናት ታስተምራለች። ደግ ሴት ናት፤ ማስታረቅ ላይ ግን ትቸኩላለች። ልጆች ሲጣሉ ሁለቱንም ታቆምና "ይቅርታ ተባባሉ፤ ተሳሳሙ" ትላቸዋለች። ይባባላሉ፣ ይሳሳማሉ፣ አለቀ። እናንተስ ቤት እንዲሁ አይደለም እንዴ? የእኔ ቤትማ እንዲሁ ነው።

ታዲያ ሱራፌል የሚባል ተማሪ ነበራት። ይህ ልጅ ትርሲት የምትባለውን ልጅ ከመስኮቱ ሥር ካለው ወንበር ነጋ ጠባ ይገፈትራታል። አባቷ መጥተው አመረሩ። የትምህርት ቤቱ ኃላፊም ልጁ እስከ ዓርብ ካልታረመ እንደሚሰናበት ለመምህርቷ ነገሯት። መምህርቷ ተጨነቀች። አምስት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ክፉ ተብሎ ተባርሮ ወዴት ይሄዳል?

ሐሙስ ጠዋት ምን ሆነ መሰላችሁ? ሱራፌል ወደ ትርሲት ቀረበ። ጎንበስ ብሎ ጉንጯን ሳማት፣ "ይቅርታ" አላት። መምህርቷ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ወዲያው ልጅቷን ገፍትሮ ከወንበሩ ጣላት።

እጅ ከፍንጅ ያዘችው። እሱ ግን እንደ ጥፋተኛ አላቀረቀረም። ግራ ተጋብቶ ዐይን ዐይኗን እያየ፣

"ሚስ፣ ይቅርታ ብያታለሁ እኮ" አላት።

በሉ ፍረዱ። ልጁ ዋሸ? አልዋሸም። ይቅርታና መሳም ካሉ መግፋት ይቻላል ብሎ የተማረው ከእሷው ነው፤ ዛሬ ማስቀደሙ ብቻ ነው ልዩነቱ። ልትቆጣው ብላ ሳቋ መጣባት፤ ከሳቁ ኋላ አፈረች። ከዚያ ነገሩ ይገርማት ጀመር። ክፍሉ ሙሉ ወንበር እያለ፣ ይህ ልጅ ይህን ወንበር ለምን ፈለገው? ስንት ቀን ስታስታርቅ ከርማ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀችም። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባል የለ?

መሬት ላይ አጠገባቸው ቁጭ አለችና ጠየቀችው። እሱም ከዚያ መስኮት የግቢው በር እንደሚታይ ነገራት። ባለፈው ዝናብ ጥሎ እናቱ ዘግይታ፣ ልጆቹ ሁሉ ሄደው ብቻውን ቀርቶ ነበር። በሩን ካላየ የማትመጣ ይመስለዋል። ትርሲትንም ጠየቀቻት። ትርሲት በሩ ጉዳይዋም አይደለም፤ ፀሐይ የሚገባው በዚያ መስኮት ብቻ ነው፣ ይበርዳታል።

መምህርቷ ተራ በተራ ተቀመጡ ልትል ስትል ትርሲት ቀደመቻት። ወደ ሱራፌል ዞራ፣

"እናትህ ጃንጥላዋ ምን ዓይነት ነው?" አለችው።

ሰማያዊ መሆኑን ነገራት።

"ስትመጣ አይቼ እነግርሃለሁ።"

በዚህኛው እርቅ ይቅርታ የሚል አልነበረም፤ የተሳሳመም የለም። ሱራፌል ሄዶ ከሌላ ወንበር ተቀመጠ። ከሰዓት በኋላ ካፊያ ሲጀምር ከመስኮቱ ሥር "ሰማያዊው መጣ!" የሚል ድምፅ ተሰማ። ዓርብም ደረሰ፤ ልጁን ያሰናበተው የለም።

ወገኖቼ፣ ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ልጆቻችሁ ተጣልተው ብታገኟቸው "ተሳሳሙ" ለማለት አትቸኩሉ። ቁጭ በሉ። ምን ፈልገህ ነው? ምን ፈልገሽ ነው? በሏቸው፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ይስማ። መፍትሔውን እነሱው ሊነግሯችሁ ይችላሉ።

እኛስ? ካንገት በላይ ይቅርታ ተባብለን፣ ተቃቅፈን፣ በማግሥቱ የተገፋፋን ስንቶች ነን? እዚሁ ጉባኤ ውስጥ እኮ እሱ ካለበት አግዳሚ አልቀመጥም የምንባባል አለን። አዎ፣ ገፍቷችሁ ይሆናል፤ አሟችሁም ይሆናል። ግን ያ ሰው በመስኮቱ ማንን ይጠብቅ ነበር? ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ?